በቁሙ የተለቀሰለት ሰው ሚስት

የአማን ከተማ ሰው እታገኝን የሚያውቃት በስፌቷ ነበር። ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል የልጅ ዩኒፎርም የሚያሰፋ፣ ለጥምቀት አዲስ ቀሚስ ያማራት፣ ሱሪው ወገቡ ላይ አልዘጋ ያለው ሁሉ ወደ እሷ ይሄዳል። አባቷ ከከምባታ ለቡና ለቀማ መጥተው በዚያው የቀሩ ሰው ነበሩ፤ እናቷን ደግሞ ገና በሕፃንነቷ ነው ያጣችው። ስለዚህ ፍቅሩን ስታገባ ባል ብቻ ሳይሆን እናትም አገኘች። የፍቅሩ እናት ወይዘሮ ማናልሞሽ ለሰው ሲያስተዋውቋት «ልጄ ናት» እንጂ «የልጄ ሚስት ናት» ብለው አያውቁም። የሚኖሩትም በእሳቸው ግቢ፣ በእሳቸው ቤት ነበር።

ፍቅሩ በቡና ማጠቢያ ጣቢያ ከገበሬ ቡና እየመዘነ የሚረከብ ሠራተኛ ነበር። ጨዋታ ያውቃል፤ ገበሬው ሰልፍ ይዞ ሲጠብቅ እንዳይሰለች ያስቀዋል። ነገር ግን ቡናው ሲያልቅ ሥራውም ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ እስከሚቀጥለው ለቀማ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ ነው። ልጃቸው ልዩ ስትወለድ «እንዲህ እየኖሩ ልጅ ማሳደግ አይቻልም» ብሎ መከላከያ ገባ። ያኔ አገር ሰላም ነበር። እናቱ በወታደር ልብስ የተነሣውን ፎቶ አሳድገው አሳጠቡና ሳሎን ሰቀሉት።

የሰሜኑ ጦርነት ሲነሣ ልዩ አምስት ዓመቷ ነበር። ፍቅሩ ሲመቸው እየደወለ ድምፁን ያሰማቸው ነበር፤ በመጀመሪያው ዓመት ሰኔ ላይ ግን ስልኩ ተዘጋ። ወይዘሮ ማናልሞሽ ማርያም ደጅ መመላለስ ጀመሩ። የፍቅሩ ታላቅ ወንድም ዓለምሰገድ የቀበሌው ሚሊሻ አዛዥ ነበር፤ በእነዚያ ወራት ወጣቶችን ለዘመቻ የሚመለምለው እሱ ነው። ልጇን ለመስጠት የምታመነታ እናት ስታጋጥመው የሚላት አንድ ነገር ነበረው፦ «የኔ ወንድም ግንባር ነው። እናቴ የሰጠችውን አንቺ ለምን ትሰስቻለሽ?»

በመስከረም መጨረሻ አንድ የገበያ ቀን፣ እታገኝ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናዋን እየረገጠች ሳለ አንድ ገበሬ መጣ። በላይነህ ይባላል፤ ከሸኮ አልፎ ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ያለ ባለቡና ነው። ድሮ ቡናውን ለፍቅሩ ሲያስረክብ ታውቀዋለች። አማርኛን ካደገ በኋላ የተማረው ስለሆነ ቃል አያበዛም። ከፌስታል ውስጥ አንድ ያረጀ ሱሪ አወጣ።

«ይጥበብ» አላት።

«ላንተ ነው? ኧረ ላንተስ ልክህ ነው።»

«ለኔ አይደለም። ባለቤቱ ሌላ ነው። መጥተሽ ለኪው።»

«እኔ እየዞርኩ አልለካም፤ እሱ ይምጣ።»

በላይነህ ግራና ቀኙን አየና ጎንበስ አለ። «ባለቤቱ፣ ልዩ እንዴት ናት ብሏል።»

እታገኝ እግሯን ከመርገጫው ላይ አነሣች። ሱሪውን አጣጥፋ ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ገበያተኛው በፊታቸው ያልፋል፣ ባጃጁ ይጮኻል፤ እሷ ግን ምንም አይሰማትም ነበር። በኋላ፣ «ነገ እመጣለሁ» አለችው።

ለአማቷ «የዩኒፎርሙ ሥራ አልቋል፤ ቡና ለቀማ ልሂድ» አለቻቸው። በዚያ ወቅት ግማሽ ከተማ ለለቀማ ስለሚወጣ የሚገርም ነገር አልነበረውም። በማግስቱ እስከ ሸኮ በመኪና፣ ከዚያ በእግሯ ሄደች። የበላይነህ ሚስት ጓሮውን አሳልፋ፣ ትልልቅ ዛፎች ከላይ ወደ ሸፈኑት የቡና ማሳ መራቻት። ፍቅሩ ከአንድ የቡና እግር ሥር ቆሞ ነበር። ጺሙ አድጎ፣ አንገቱ ቀጥኖ፣ የሰው ሸሚዝ ለብሶ። እታገኝ ፊት ለፊቱ ቆመችና አልተጠጋችውም።

«ምነው ዝም አልሽ?» አላት።

«ሙሉ መሆንህን እያየሁ ነው» አለችው። እጁን አየች፣ እግሩን አየች፣ ሁለቱን ዓይኖቹን አየች። ከዚያ ነው የተጠጋችው።

ምን እንደሆነ የነገራት ቀስ እያለ ነው። «እየተዋጋን አልነበረም፤ እያፈገፈግን ነበር» አላት። «የሚቃጠል መኪና አልፈን ትንሽ እንደሄድን አለቃችን ዕረፉ አለን። ተቀመጥኩ። ተነሡ ሲል ሰው ሁሉ ተነሣ፤ እኔ ግን እግሬ እምቢ አለኝ። ማንም ዞሮ አላየኝም። እነሱ ከሄዱ በኋላ ስነሣ፣ እግሬ የሄደው በሌላ በኩል ነው።» መሣሪያውን ማሽላ ውስጥ ጥሎ፣ አንድ ሽማግሌ የሰጡትን ጃኬት ደርቦ፣ አንዳንዴ በእግር አንዳንዴ በጭነት መኪና ላይ ተጭኖ መጣ። አማን ሊገባ አልደፈረም። በላይነህ ሲያየው አንድም ነገር አልጠየቀውም፤ የሚተኛበት አሳይቶት፣ ቅቅል ጎደሬና ማር አቀረበለት።

«እማማ በደስታ ይሞታሉ» አለችው እታገኝ።

«እማዬ እንዳትሰማ» አላት። «ደስታዋን መደበቅ አትችልም። በማግስቱ ጎረቤት ሁሉ ፊቷ ላይ ያነበዋል። ዓለምሰገድ ካወቀ ደግሞ ራሱ አስሮ ነው የሚወስደኝ። ማይልኝ። በልዩ ማይልኝ።»

በልጃቸው ስም ማለችለት።

በለቀማው ወራት እታገኝ በየጊዜው እየሄደች ቀይ ቡና ለቀመች። በቀን ሥራ መካከል ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመው ከአንድ ቅርንጫፍ ይለቅማሉ፣ ያወራሉ፣ አንዳንዴም ይስቃሉ። ከተጋቡ ጀምሮ እንደዚያ ተቀራርበው አያውቁም ነበር። ቅርንጫፍ ሲሰበር ወይም ዝንጀሮ ሲጮኽ ግን ፍቅሩ መሬት ላይ ይወድቃል፤ ከወደቀ በኋላም ለመነሣት ያፍራል። ያን ጊዜ እታገኝ ፊቷን አዙራ ትለቅማለች፤ ያላየች ለመምሰል።

ኅዳር ላይ ከፍቅሩ የጦር ክፍል ነኝ ያለ ሰው ለዓለምሰገድ ደወለ። ከዚያ ማፈግፈግ ከወጡት መካከል ፍቅሩ የለም፣ ከተማረኩትም መካከል ስሙ አልተሰማም አለው። ዓለምሰገድ ያንን እንደ መርዶ ወሰደው። በማለዳ ሽማግሌዎች ይዞ ወደ እናቱ ቤት መጣ። ወይዘሮ ማናልሞሽ ሰዎቹን በር ላይ ሲያዩ፣ ሳይነገራቸው ነው የጮኹት።

የዕድሩ ድንኳን ተተከለ። ፎቶው ከሳሎን ወጥቶ ድንኳኑ መሐል ተቀመጠ። እታገኝ ጥቁር ለብሳ ከአማቷ ጎን ስትቀመጥ የፈራችው ለማልቀስ እንባ እንዳታጣ ነበር። ነገር ግን ወይዘሮ ማናልሞሽ ፎቶውን ታቅፈው «አፈር ማን አለበሰህ ልጄ? ዓይንህን ማን ጨፈነልህ?» እያሉ ደረታቸውን ሲደቁ፣ እንደዚያ ያለ ለቅሶ ከየት እንደመጣባት አታውቅም፤ ሴቶች ይዘዋት ነው የተረፈችው። «እንዴት ትወደው ነበር!» ተባለላት። እሷ የምታለቅሰው ለእሳቸው ነበር። አንድ ቃል ብትተነፍስ ያ ሁሉ ለቅሶ ይቆም ነበር፤ ቃሏን ግን በልጇ ስም አስራዋለች።

ወደ ቡናው የሄደችው ሰዉ ከተበተነ በኋላ ነው፤ ጥቁሯን እንደለበሰች።

«ለኔ ነው የለበስሽው?» ብሎ ሳቀ ፍቅሩ።

እሷ አልሳቀችም። «እናትህን ብታያቸው» አለችው። «ድምፃቸው ጠፍቷል። ልዩ ሌሊት እየባነነች ትጠራሃለች። ለልጅቷ እንኳ ልንገራት።»

ፍቅሩ ጥቂት አሰበ። «ጥሩ ነው የሆነው» አላት። «ሞተ የተባለ ሰው ተፈልጎ አይያዝም። ትንሽ ጊዜ ታገሺ።»

«ጥሩ ነው» ያለው ነገር ለብዙ ጊዜ አልወጣላትም። ቢሆንም ያን ቀንም አብራው ዋለች።

በአርባው ቀን ተዝካር ወጣ። እታገኝ በቁሙ ላለ ሰው ጸሎተ ፍትሐት ሲደገም ሰምታ ከቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ጋር ተጣብቃ ቆመች። ከዚያ ቀን በኋላ ወደ ነፍስ አባቷ መሄድ ተወች፤ ምን ብላ ትናዘዛለች? ጾሙ ገብቶ ሲወጣ እሷ አልቆረበችም።

መጋቢት ላይ ሆዷ መታየት ጀመረ።

እስከ ሚያዝያ ሰፊ ቀሚስ እየሰፋች ደበቀችው። ልብስ ሰፊ ናትና ከሌላ ሴት የተሻለ ቆየላት እንጂ አልቀረላትም። አንድ እሁድ ወይዘሮ ማናልሞሽ ከቅዳሴ ሲመለሱ ዓለምሰገድን አስከትለው ገቡ። እታገኝን ከፎቶው ሥር አስቀመጧት።

«የማን ነው?» አሉ።

እታገኝ መሬት መሬት አየች።

«ስሚኝ ልጄ። ሰው ነሽ፤ ብቻሽን ነሽ፤ ገና ወጣት ነሽ። ስሙን ብቻ ጥሪልኝ። እኔ እንደ እናት እዳኝሻለሁ።»

«እማማ፣ አልችልም።»

«ተደፍረሽ ነው? ያስገደደሽ አለ?»

«የለም።»

ዓለምሰገድ ከተቀመጠበት ተነሣ። «ወንድሜ አጥንቱ ሜዳ ላይ ቀርቷል!» አለ። «ተዝካሩ የተበላበት ድስት ሳይታጠብ! ይህን ፎቶ እያየሽ ነው ያደረግሽው?»

«ጋሼ ዓለምሰገድ፣ ይመኑኝ፣ እኔ ወንድምዎን አልበደልኩም» አለች። ይህን ማለቷ ነገሩን አባሰው። ዓለምሰገድ ጥሏቸው ወጣ። ወይዘሮ ማናልሞሽ ግን ቀሩ። ከዚያ በዝግታ፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ፣ «ውጪልኝ» አሏት። «ልዩ ግን ከዚህ ቤት አትወጣም። የልጄ ልጅ ናት፤ ከሱ የቀረኝ እሷ ብቻ ናት።»

ልዩ ከአያቷ ነጠላ ጀርባ ቆማ ነበር። እናቷ እጇን ስትዘረጋላት አልመጣችም። የሰፈር ልጆች የነገሯትን ሰምታ ነበርና።

እታገኝ የስፌት መኪናዋን በጋሪ አስጭና እዚያው አጠገብ ሚዛን ከተማ ገባች። ሱሀይላ የምትባል የስልጤ ሴት፣ ጨርቅ የምትሸጥ፣ ከሱቋ ጀርባ አንዲት ክፍል ሰጠቻት፤ በረንዳውንም ለስፌት ፈቀደችላት። «የሰው ነገር አልወድም» አለቻት ሱሀይላ፤ «ሥራሽን አውቃለሁ፣ ይበቃኛል።» የድሮ ደንበኞቿ ግን አልመጡም። የወታደር ሚስት እንዲህ አደረገች ተብሎ ወሬው ከአማን አልፎ ሸዋ ቤንች ከተማ ድረስ ደርሶ ነበር።

በግንቦት ዝናብ ከብዷት ወደ በላይነህ ቤት ሄደች። የሆነውን ሁሉ ለፍቅሩ ነገረችው። ራሱን በሁለት እጁ ይዞ አለቀሰ።

«ራስህን ለመንግሥት ስጥ አላልኩህም» አለችው። «ለእናትህ ብቻ ታይ። አንዴ ይዩህ። ከዚያ እኔን ባይመልሱኝም ልጄን ይመልሱልኛል። እሳቸው አሳልፈው አይሰጡህም።»

«እውነትሽን ነው» አላት። «እሁድ እመጣለሁ። አንቺ ዘንድ እመጣና እማዬን ታስጠሪልኛለሽ።»

እሁድ እታገኝ ክፍሏን ጠረገች፣ ዶሮ ወጥ ሠራች። ለሱሀይላ «እንግዳ አለብኝ» አለቻት። ቀኑ መሸ፤ አልመጣም። ሰኞን ጠበቀች፣ ማክሰኞን ጠበቀች። ዝናቡ ይሆናል አለች፤ ኬላ ላይ ፍተሻ ይሆናል አለች። በሳምንቱ ተነሥታ ሄደች። በላይነህ ቡናው ሥር አረም እየነቀለ ነበር፤ ሲያያት ፊቱ በራ።

«እንዴት ነው? ደህና ነው?» አላት።

«ማን?»

«ፍቅሩ ነዋ። አንቺ ጋ ነው። እሁድ ጠዋት ሄደ።»

ዝናብ ከቅጠል ወደ ቅጠል ይንጠባጠባል።

«ልብሱን ይዞ ነው?» አለች እታገኝ።

«ሁሉንም» አለ በላይነህ።

በላይነህ ሥራውን ጥሎ ስንት ቦታ ጠየቀላት። በመጨረሻ ወደ ዲማ፣ ወደ ወርቅ ቁፋሮው በሚሄድ የጭነት መኪና ላይ ተጭኖ ያየው ሰው አገኘ። ይህን ሊነግራት ሚዛን ድረስ መጣና በረንዳው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ቆቡን በእጁ ያሽከረክር ነበር። እታገኝ ያን ጊዜ ስለ መንገዱ አሰበች። ከሸኮ ወደ ዲማ የሚሄድ ሰው በሚዛን ነው የሚያልፈው፤ ሌላ መንገድ የለውም። በዚያ እሁድ፣ እሷ ወጡን እያማሰለች፣ በደጇ አልፎ ነው የሄደው ማለት ነው።

እውነቱን ልናገር ብትልስ አሁን ማን ያምናታል? ሞተ የተባለ ሰው አስረገዘኝ ብላ፣ የት አለ ሲሏት ደግሞ ጠፋ ልትል ነው። ዝም አለች። ሐምሌ ላይ ወንድ ልጅ ወለደች፤ ሆስፒታል አብራት ያደረችው ሱሀይላ ናት። ፍሬአብ አለችው። ክርስትና ሲነሣ ቄሱ የአባቱን ስም ሲጠይቋት «ፍቅሩ» አለች፤ ከኋላዋ የቆሙት ሴቶች ተያዩ።

ልዩን የምታያት በትምህርት ቤት በር ላይ ብቻ ነበር። ሕፃኑን አዝላ ትቆማለች። ልጅቷ ከጓደኞቿ ጋር ትወጣና ስታያት አንገቷን ደፍታ በሌላው ጠርዝ ታልፋለች። እታገኝ አልጠራቻትም፤ ጠርታት ባትመለስ ምን ትሆናለች?

ጦርነቱ በስምምነት ቆመ። በጥር ወር ከወታደሮቹ አንዳንዱ መመለስ ጀመረ። ከእነሱ መካከል ሳህሉ የሚባል የቴፒ ልጅ ነበር፤ ከፍቅሩ ጋር በአንድ ጓድ የነበረ፣ አንድ እግሩን ያጣ። በክራንች እየተራመደ የጓደኛውን እናት ሊጠይቅ አማን መጣ። ሳሎን ገብቶ ፎቶው ላይ የተንጠለጠለውን ጥቁር ጨርቅ ሲያይ ደነገጠ።

«ፍቅሩ የት ሞተ?» አለ።

«አንተ ትጠይቀኛለህ?» አሉ ወይዘሮ ማናልሞሽ። «በሰኔው ነዋ፣ ስታፈገፍጉ።»

ሳህሉ መናገር አልፈለገም ነበር። ሴትዮዋ ግን አልለቀቁትም፤ በመጨረሻ ተናገረ። «እማማ፣ በሰኔው ፍቅሩ አልሞተም። ከድቶ ነው የሄደ። ከዚያ በፊት ለብዙ ቀን፣ እንሂድ እንሂድ እያለ ይወተውተኝ ነበር። እኔ እምቢ አልኩት። ሲሄድ አይቼዋለሁ፤ ለአለቃም አልተናገርኩም። አገሩ ገብቷል ብዬ ነበር የማስበው።»

ወይዘሮ ማናልሞሽ ከዚያ በኋላ ያለውን ራሳቸው ደረሱበት። ነጠላቸውን አንሥተው ባጃጅ ተሳፍረው ሚዛን መጡ። እታገኝ በረንዳው ላይ ትሰፋ ነበር፤ ፍሬአብ ከእግሯ ሥር ምንጣፍ ላይ ተኝቷል። አሮጊቷ ሕፃኑን ጎንበስ ብለው ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ቀና አሉ።

«አየሽው?»

እታገኝ ማንን እንደሆነ አልጠየቀችም። «አየሁት» አለች።

«መቼ?»

«ከመስከረም ጀምሮ። እስከ ግንቦት።»

«እኔ ድንኳን ውስጥ ደረቴን ስደቃ፣ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ከጎኔ ተቀምጠሽ!»

«አስምሎኝ ነው፣ እማማ። በልዩ አስምሎኝ ነው። ጋሼ ዓለምሰገድ ከሰሙ ያስሩኛል ብሎ ነው።»

«እኔስ?» አሉ ወይዘሮ ማናልሞሽ። ድምፃቸው ተሰነጠቀ። «እኔም አስረዋለሁ? አብሮት የዘመተው ሳህሉ ሲከዳ አይቶ፣ ባዳ ሆኖ አልተናገረበትም። እኔ እናቱ እናገርበታለሁ? ስምንት ወር ሙሉ በሰዓት መንገድ ላይ የነበረ ልጄን፣ ጉንጩን ሳልስመው!»

እታገኝ እስከዚያ ቀን ድረስ የተበደለችው እሷ ብቻ እንደሆነች ታስብ ነበር። ወይዘሮ ማናልሞሽ ስለ ማባረራቸው አንድ ቃል አልተናገሩም፤ ይቅርታም አልጠየቁም፤ እሷም አልጠየቀች። ሱሀይላ ከውስጥ በርጩማ አወጣችላቸው። ተቀመጡ። እንደ ሌላ ሰው ድምፅ በሆነ ድምፅ፣ «ከስቶ ነበር?» አሉ።

«ሲመጣ ከስቶ ነበር። በኋላ በማሩ አገገመ።»

«ምን ይበላ ነበር?»

እታገኝ ነገረቻቸው። ጎደሬውን፣ ቆጮውን፣ የሚተኛበትን፣ ቅርንጫፍ ሲሰበር እንዴት እንደሚወድቅ። እግሬ እምቢ አለኝ ብሎ የነገራትንም ነገረቻቸው፤ እሳቸውም ሳህሉ ያለውን ሲነግሯት፣ ሁለቱ እንደማይገጥሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ልብ አለች። ለብዙ ቀን ያሰበበትን ነገር እግሩ ላይ ነው ያላከከው።

ወሬው ቤት ውስጥ አልቀረም። ዓለምሰገድ ለዘመቻ መልምሎት የሞተ ልጅ እናት፣ በዕድር ስብሰባ ላይ ተነሥታ፣ «ለኔ ልጅ ለቅሶ ስትደርሱ ወንድምህ ቡና ይለቅም ነበር» አለችው። ዓለምሰገድ ምንም ስለማያውቅ መማል ይችል ነበር፤ አልማለም። አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ሹመቱን ተወ፤ ቤተሰቡን ይዞ ቴፒ ገባ፤ እዚያም ከሰው ጋር አይቀላቀልም ይላሉ። ወይዘሮ ማናልሞሽም በቤተ ክርስቲያን ከሴቶቹ መካከል የሚቀመጡበት ቦታ ጠፋባቸው። ድንኳናቸው ውስጥ አብረው ያለቀሱት አሁን ሲያዩዋቸው ወሬያቸውን ያቆማሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ልዩን ይዘው ሚዛን መምጣት የጀመሩት ያኔ ነው። ሌላ የሚሄዱበት አልነበራቸውም።

አንድ ቅዳሜ የጥቁር ቀሚሳቸውን ጫፍ ይዘው፣ «ይህን ላውልቀው ወይስ ልተወው?» ብለው ጠየቋት። «ሞቷል ብዬ ለበስኩት፤ አልሞተም አላችሁኝ። ካሁን ወዲያስ ማን ያውቃል? አንቺ ልብስ ሰፊ ነሽ፣ ንገሪኝ።» እታገኝ አላወቀችም። እሳቸውም አላወለቁትም።

ልዩ ከእናቷ ጋር መነጋገር ጀምራለች፤ ግን እንደ እንግዳ ነው። የሚሰጣትን ትበላለች፣ ወንድሟን ታጫውታለች፣ መሄጃው ሲደርስ ነጠላ ጫማዋን ቀድማ ታደርጋለች። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ፍሬአብን እያጫወተች፣ «አባዬ እዚያ እያለ ለምን አልወሰድሽኝም?» አለቻት። «እኔ አላወራም ነበር።»

ባለፈው ዓመት መስከረም ላይ፣ እታገኝ የዩኒፎርም ጨርቅ እየቀደደች ሳለ ከማታውቀው ቁጥር ተደወለላት።

«እኔ ነኝ» አላት።

መቀሱን አስቀመጠች። ስንት ዓመት የምታዘጋጀው ንግግር ነበራት፤ አንዱም አልመጣላትም።

«ልጆቹ ደህና ናቸው?» አለ።

«ደህና ናቸው።»

«ወንድ ነው አሉ።»

«ፍሬአብ ይባላል።»

ከወዲያኛው በኩል ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ይሰማል። ፍቅሩ ሳለ።

«ጦርነቱ ካለቀ ቆየ እኮ» አለችው። «አሁን ማንም አይፈልግህም። ከድተው የመጡ ስንቶቹ ቤታቸው ተቀምጠዋል።»

«አውቃለሁ።»

«ታውቃለህ?»

«ያኔውኑ ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ማንን ነው የምትፈራው?»

«እናንተን» አለ። መልስ ሳትሰጠው መስመሩ ተቋረጠ።

ይህን ነገር ልትደብቀው ትችል ነበር። መኪናዋን ሸፍና፣ ፍሬአብን አዝላ፣ በዝናቡ ወደ አማን ሄደች። ወይዘሮ ማናልሞሽ ፊቷን ሲያዩ ነገሩ ገባቸው። እታገኝ ቆማ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ሳትጨምርም ሳትቀንስም ነገረቻቸው። «እናንተን» ያለውንም አልዘለለችም። ልዩ ከጓዳው በር ላይ ቆማ ትሰማ ነበር።

«ድምፁስ?» አሉ አሮጊቷ።

«ጉንፋን የያዘው ይመስላል። ሲያስል ሰምቻለሁ።»

«ዝናብ ላይ ነዋ የሚውለው» አሉ። እንባቸውን በጥቁር ነጠላቸው ጠረጉ። እታገኝ ልትወጣ ሕፃኑን ስታስተካክል፣ ወደ ውጭ አዩና፣ «በዚህ ጭቃ ልጅ ተሸክመሽ የት ትሄጃለሽ? እደሪ» አሏት።

ልዩ መጥታ ወንድሟን ከጀርባዋ ላይ ተቀበለቻት። እርጥብ ልብሱን አውልቃ በራሷ ሹራብ ጠቀለለችውና ወደ አልጋዋ ወሰደችው። እናቷን አላየቻትም፤ ግን ትራሱን ወደ ግድግዳው ገፍታ ቦታ ተወችላት።

በማግስቱ ጠዋት ወይዘሮ ማናልሞሽ ቁጥሩን ደጋግመው አስደወሉ። ስልኩ ዝግ ነበር። ከዚያም በኋላ በየቀኑ ሞክረውታል፤ አንዳንድ ቀን ይጠራል ይላሉ፣ የሚያነሣው ግን የለም። እታገኝ አልሞከረችም። ያን ጠዋት ልዩን ትምህርት ቤት አደረሰቻትና ወደ ስፌቷ ተመለሰች።